ኢንተርኔቱ በገመድም ሲንቀረፈፍ፦ ኬብሉን፣ ካርዱን፣ ራውተሩን ወይስ ፓኬጁን ልቀይር?

ዋይፋይ ሲንቀረፈፍ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ገመድ ሰካበት»። ገመዱ ተሰክቶም ቪዲዮው መሃል ላይ ቆሞ ክቡን ሲያዞር ግን መካሪው ሁሉ መገመት ይጀምራል። አንዱ ራውተር ቀይር ይላል። ሌላው ኮምፒውተርህ አርጅቷል ይላል። ሦስተኛው ፓኬጅ አሳድግ ይላል። ሁሉም ገንዘብ ያስወጣል። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ ምንም ላይለውጡ ይችላሉ።

እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። የ100 ሜጋቢት ፓኬጄ አልበቃ ሲለኝ ወደ 300 ከፍ አደረግኩ። ለካሁት፤ 94። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ 94። በማግስቱ ጠዋት ደግሜ ለካሁ፤ አሁንም 94። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አገልግሎት ሰጪዬን በሆዴ ስረግም ቆየሁ። ጥፋቱ የተገኘው ግን ከወንበሬ ስር ነው። የወንበሩ ጎማ በየቀኑ ሲወጣበት ሲወርድበት ኬብሉን ጨፍልቆት ኖሯል። ኬብሉን ቀየርኩ። 290 ገባ።

ቁጥሩ 94 ላይ ድርቅ ማለቱ ራሱ መልሱን እየነገረኝ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ዕቃን ከዕቃ ብቻ አይደለም። የትኛው ቁጥር ሲታይ የትኛው ዕቃ መቀየር እንዳለበት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር

«ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ማለት ሾላ በድፍን ነው። ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንዱ የፍጥነት መለኪያው ውጤት ነው። ሌላው ኮምፒውተሩና ራውተሩ በገመዱ ላይ የተስማሙበት ፍጥነት ነው። ይኼኛው ዊንዶውስ ላይ «ሊንክ ስፒድ» ተብሎ ይታያል። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሊንክ እለዋለሁ።

የመጀመሪያውን ስትለኩ ዋይፋዩን አጥፉት። ብዙ ሰው ገመድ ሰክቶ ዋይፋዩን አይዘጋም። ከዚያ የለካው የቱን እንደሆነ አያውቅም። ቪፒኤን ካለ ይዘጋ። የሚወርድ ፋይል ካለ ይቁም። ከዚያ ስፒድቴስት ወይም ፋስት ዶት ኮም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ። አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት። ሁለቱንም መሞከር አይከፋም። ስፒድቴስት ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ይመርጣል። ፋስት ዶት ኮም የኔትፍሊክስ ስለሆነ የሚለካው ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ጋር ነው። የሁለቱ ውጤት የሰማይና የምድር ያህል ከተራራቀ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ። አገልግሎት ሰጪዎች የሚሸጡት በሜጋቢት ነው። የማውረጃ ፕሮግራሞች የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋቢት የገዛ ሰው ፋይሉ በሰከንድ 11 ወይም 12 ሜጋባይት ሲወርድለት ካየ ሙሉውን እያገኘ ነው። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ማንበቡን እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ሁለተኛውን ቁጥር ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎ ኤተርኔት ስትሉ ታገኙታላችሁ። 100/100 ወይም 1000/1000 ተብሎ ተጽፏል፤ በሜጋቢት ነው፣ 1000 ማለት 1 ጊጋቢት ነው። ማክ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ፣ ኤተርኔት፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር ነው። ከዕቃው ጀርባ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች አይቶ መገመትም ይቻላል። ግን ብርቱካናማውና አረንጓዴው በየአምራቹ ትርጉሙ ስለሚለያይ እኔ አላምናቸውም።

ለምን 94? ለምን 100 አልሆነም? ዳታ በገመድ ላይ የሚሄደው ተቆራርጦ በትንንሽ እሽግ ነው። አንድ ሙሉ እሽግ ገመዱ ላይ የ1538 ባይት ቦታ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ፋይል ቢበዛ 1460 ባይት ነው። ቀሪው አድራሻ፣ የስህተት መፈተሻና በእሽጎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። በዚህ የተነሳ የ100 ሜጋቢት መስመር ከ95 አያልፍም። የ1 ጊጋቢት መስመር ደግሞ ከ940 እስከ 950 ባለው ላይ ይቆማል። 94 ወይም 95 ላይ ጠዋትም ማታም ሳይነቃነቅ የሚቆም ውጤት የ100 ሜጋቢት መስመር ፊርማ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አጋጥሙ።

ሊንኩ 100 ብሎ ፓኬጃችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኬብሉ፣ የራውተሩ ፖርት (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ)፣ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ (ገመዱን የሚቀበለው ክፍል)። በብዛት ኬብሉ ነው።

ሊንኩ 1000 ብሎ ውጤቱ 94 ላይ ከቆመ ማነቆው ከራውተሩ ወዲያ ነው። እዚህ ጋ ሁሉም የሚረሳት አንዲት አጭር ኬብል አለች። ሞደሙን ወይም የፋይበሩን ሳጥን ከራውተሩ ጋር የምታገናኘዋ ናት። ሰው ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለውን ሦስት ጊዜ ቀያይሮ እሷን ሳይነካት ተስፋ ይቆርጣል።

ሊንኩ 1000 ሆኖ ውጤቱ 200፣ 350፣ 280 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ኬብሉን ለጊዜው ተዉት። የዩኤስቢ አዳፕተር፣ የደከመ ራውተር ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ይሆናል። ጠዋት ጥሩ፣ ማታ መጥፎ ከሆነ ወደ አገልግሎት ሰጪው ያመለክታል። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ገጾች ግን ለመከፈት የሚያንገራግሩ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው፤ ራውተሩ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ኬብል፦ መጠገን፣ መቀየር ወይስ ማሻሻል?

በኬብሉ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠማዘዙ 4 ጥንድ ይሆናሉ። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በ2 ጥንድ ብቻ ነው። 1 ጊጋቢት ግን 4ቱንም ይፈልጋል። ብልሃቱም ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። 100ው ከማይጠቀምባቸው ሽቦዎች አንዷ ብትበጠስ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም። መብራቱ ይበራል፤ ገጾች ይከፈታሉ። ሊንኩ ብቻ ድምፁን ሳያሰማ ወደ 100 ይወርዳል። ለዚህ ነው የተጎዳ ኬብል ለወራት ሳይታወቅ የሚኖረው።

የመጀመሪያው ፈተና ነጻ ነው። ከሌላ ዕቃ ላይ የሚሠራ ኬብል ተዋሱና ሰክታችሁ ሊንኩን ተመልከቱ። ወደ 1000 ከወጣ ጨረሳችሁ። ካልወጣ ራውተሩ ላይ ሌላ ፖርት ሞክሩ። አሁንም 100 ካለ ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ኬብል ሰክታችሁ እዩ። ላፕቶፑ 1000 ካገኘ ጥፋቱ የኮምፒውተራችሁ ነው። ኬብል ቴስተር እንኳ አያስፈልግም።

ጥፋቱ የኬብሉ ከሆነ መጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር? የእኔ መልስ የሚወሰነው ኬብሉ ባለበት ቦታ ነው። ከጠረጴዛ እስከ ራውተር ወለል ላይ የተዘረጋ ከሆነ መጠገን አያዋጣም። በፋብሪካ ጫፉ ተገጥሞ የተሸጠ አዲስ ግዙ። በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ከሆነና የተጎዳው ጫፉ ብቻ ከሆነ ግን ጫፉን ቆርጦ እንደገና ክሪምፕ ማድረግ (አዲስ መሰኪያ በመጭመቂያ መግጠም) ግድግዳ ከመፈልፈል በብዙ ይሻላል።

ራሳችሁ ክሪምፕ የምታደርጉ ከሆነ ሁለት ነገር ጠብቁ። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት፤ ጥምዝምዙ ለማማር ሳይሆን ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ነው። ሁለተኛ፣ የቀለሙን ቅደም ተከተል ከመሥፈርቱ ውጭ አታድርጉ። «ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ግድ የለም» የሚል ባለሙያ አጋጥሞኛል። ግድ አለው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ፒን ላይ የሚገባው አንድ ጥንድ መሆን አለበት። ቀለሞቹን ዝም ብሎ በተርታ የደረደራቸው ሰው ጥንዶቹን ይከፋፍላቸዋል። ርካሽ ቴስተር 8ቱም መብራት በርቶ «ደህና ነው» ይላል። ፍጥነቱ ግን ይወድቃል። ለማግኘት በጣም የሚያስቸግር ጥፋት ነው።

አሁን «ካት» እየተባሉ ወደሚጠሩት የኬብል ደረጃዎች። ካት 5ኢ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ቤት ውስጥ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ያላችሁ ካት 5ኢ ጤነኛ ከሆነ አትንኩት። አዲስ ከገዛችሁ ግን ካት 6 ውሰዱ። እሱም 1 ጊጋቢትን 100 ሜትር፣ 10 ጊጋቢትን ደግሞ እስከ 55 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን ሙሉ 100 ሜትር ይወስዳል። ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ለጠረጴዛ አይመችም። ግድግዳ ውስጥ አንዴ ቀብረው ሊረሱት ለሚፈልጉ ግን ጥሩ ነው። ካት 8 ለ30 ሜትር ርቀት፣ ለሰርቨር ክፍል የተሠራ ነው። «ጌሚንግ» ተብሎ ሲሸጥ ሳየው ፈገግ እላለሁ። የ300 ሜጋቢት ፓኬጅ በካት 8 ሲያልፍ ያው 300 ነው።

ከደረጃው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሽቦው ማዕድን ነው። ሲሲኤ የሚባል አለ፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ማለት ነው። ርካሽ ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ ኤሌክትሪክንም እንደ መዳብ አያሳልፍም። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ካት 6 ተብሎ ከተጻፈበት ሲሲኤ ይበልጣል። ጠፍጣፋዎቹም ኬብሎች ምንጣፍ ስር ለመግባት ይመቻሉ፤ ግን ሽቦዎቻቸው ብዙውን ጊዜ ቀጭን ናቸው። ለአጭር ርቀት ይሁን፤ ለ20 ሜትር አልመክርም።

ካርዱ፦ ድራይቨር፣ ዩኤስቢ ወይስ አዲስ ካርድ?

ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ኬብል 1000 አግኝቶ የእናንተው 100 ላይ ከቀረ መጀመሪያ የካርዱን ስም ፈልጉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ስር አለ። «ፋስት ኤተርኔት» ወይም «10/100» የሚል ከሆነ ካርዱ ራሱ ከ100 በላይ አይችልም። ጊጋቢት በመዳብ ገመድ ላይ ደረጃው የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶም በ100 ፖርት የሚሸጥ ዕቃ አልጠፋም። እዚህ ላይ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ማዘመን ጊዜ ማባከን ነው።

ካርዱ ጊጋቢት ከሆነ ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛው ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አውርዶ መጫን ነው። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ እናዘምናለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ ወደ ድሮው መመለስን ሞክሩ።

ሁለተኛው በካርዱ አድቫንስድ ገጽ ላይ ያለው «ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ» ነው። «ኦቶ» መሆን አለበት። አንድ ሰው ድሮ «100 ፉል» አድርጎት ረስቶት ይሆናል። የኮምፒውተሩ ጎን በግድ ፉል ሲደረግ የራውተሩ ጎን መስማማት ስላልቻለ ወደ ሃፍ ይወርዳል። አንዱ እያወራ ያዳምጣል፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ውጤቱ መጋጨት ነው። ገጽ ይከፈታል፤ ትልቅ ፋይል ሲጀመር ግን ፍጥነቱ ገደል ይገባል። ከኦቶ መውጣት የሚያዋጣበት ጊዜም አልፎ አልፎ አለ። የኢንቴል አይ225-ቪ የተባለው የ2.5 ጊጋቢት ቺፕ የመጀመሪያ ምርቶች ከአንዳንድ ስዊችና ራውተር ጋር በ2.5 ሲገናኙ እሽግ ይጥሉ ነበር። ማምለጫው 1 ጊጋቢት ላይ ማሰር ነበር። በዚያው ገጽ ላይ «ኢነርጂ ኤፊሸንት ኤተርኔት» የሚል ካለ ለሙከራ ዝጉት። መስመሩ በየጊዜው ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ አንዳንዴ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ምርጫው በሁለት መካከል ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ዩኤስቢ አዳፕተር ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ውስጥ የሚገባ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ እመርጣለሁ፤ ሙቀቱም መነቃቀሉም አያስቸግረውም። ዩኤስቢው ላይ ወጥመድ አለ። ዩኤስቢ 2.0 ጣሪያው 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ከዚያም በብዙ ያንሳል። «ጊጋቢት» ተብሎ የተጻፈበት አዳፕተር በዩኤስቢ 2.0 ከተሰካ ሊንኩ 1000 ይላል፤ መለኪያው ግን 300 አካባቢ ይንገዳገዳል። ያ የሚዋዥቀው ቁጥር ትዝ አላችሁ? አዳፕተሩም የምትሰኩበት ቀዳዳም ዩኤስቢ 3.0 ይሁኑ። አንዱ ብቻ መሆኑ አይበቃም።

2.5 ጊጋቢት ካርድ ልግዛ ወይ? ራውተራችሁ 2.5 ፖርት ከሌለው ወይም ፓኬጃችሁ ከ1 ጊጋቢት በታች ከሆነ አያስፈልግም። በቤታችሁ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል የምታመላልሱ ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጥፋት

ሶፍትዌር ይሁን ሃርድዌር የሚለውን ለመለየት ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ኡቡንቱ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ነጻ ስርዓት) ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱ። ሳትጭኑት «ትራይ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ለኩ። እዚያ 900 አግኝታችሁ ዊንዶውስ ላይ 200 ከሆነ ኬብሉም፣ ካርዱም፣ ራውተሩም ነጻ ናቸው። አንድ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል። ራውተር ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ቪፒኤን፣ የድር ገጾችን አንድ በአንድ የሚመረምር ጸረ ቫይረስ፣ ወይም ከበስተጀርባ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ፕሮግራም ነው። ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ስትነኩት በላተኛው ራሱ ከላይ ይቀመጣል።

ስለ «ፍጥነት ጨማሪ» ፕሮግራሞች ብዙ አልልም። አትጫኑ። «ዊንዶውስ 20 በመቶ ኢንተርኔት ለራሱ ይይዛል» የሚለውም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ የሚዞር ተረት ነው። ጉዳት ያለው ምክር ግን አንድ አለ፦ «ኦቶ ቱኒንግን ዝጋ» የሚለው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ማረጋገጫ ሳይልክ በአንዴ ስንት ዳታ እንደሚቀበል ራሱ ያስተካክላል። ይህን ስትዘጉት መጠኑ 64 ኪሎባይት ላይ ይታሰራል። መልእክት ከሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ከሆነ በአንድ ግንኙነት የምታገኙት ቢበዛ 10 ሜጋቢት ተኩል ነው። የጊጋቢት ፓኬጅ ቢኖራችሁም ያው ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ምክር ተከትላችሁ ከሆነ ወደ «ኖርማል» መልሱት።

ራውተሩ፦ ማስተካከል ወይስ መለወጥ?

ራውተሩን ለመክሰስ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ መለካት ነው። ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት፤ አዲሱን ዕቃ እንዲያውቀው። አንዳንድ መስመር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ራውተሩ ላይ የገባው እሱ ነው። የኮምፒውተራችሁ ፋየርዎል እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለክታችሁ ስትጨርሱም ገመዱን ወደ ራውተሩ መልሱት። በቀጥታ 500፣ በራውተሩ 250 ካገኛችሁ ማስረጃው ተገኘ። ሁለቱም 250 ከሆነ ራውተሩ ንጹሕ ነው።

ማስረጃ ቢገኝም ወዲያው አትግዙ። ኪውኦኤስ የሚባለውን ገጽ ተመልከቱ። ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው ክፍል ነው። ብዙ ራውተር ላይ ይህ ሲበራ እሽግ የሚያሳልፈው ልዩ ቺፕ ይዘጋና ሥራው ሁሉ በደካማው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። የወላጅ ቁጥጥርና የትራፊክ ቆጠራም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ዝጉና ለኩ። ፈርምዌሩንም (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አዘምኑ። ከዚህ በኋላ ካልተሻሻለ፣ ወይም ፖርቶቹ 100 ብቻ ከሆኑ ይለወጥ። ስትገዙ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር እርሱት፤ እሱ የዋይፋዩ ድምር ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባበት ፖርትና የቀሩት ፖርቶች ስንት እንደሆኑ ተመልከቱ።

አሁን ወደዚያች ወደተውናት በሽታ፤ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ገጽ የሚያንገራግርባት። ሁለት መንስኤ በብዛት አያለሁ። አንዱ ዲኤንኤስ ነው፤ የገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት። የክላውድፍሌሩን 1.1.1.1 ወይም የጉግልን 8.8.8.8 አስገብታችሁ ሞክሩ። ገጽ የሚጀምርበት ጊዜ ይፈጥናል እንጂ የማውረድ ፍጥነት አይጨምርም። ዲኤንኤስ ቀይሮ 100ውን 200 አደረግኩ የሚላችሁ ሰው ሌላም ነገር ቀይሯል።

ሁለተኛው የሚላከው መስመር መሙላት ነው። ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ ከሆነ ጠባቡ የአፕሎድ መስመር ይዘጋል። ማውረድም ቢሆን «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልስ በዚያው መስመር መላክ አለበት። መልሱ ሰልፍ ላይ ሲቆም ማውረዱም ይቆማል። ፈተናው ቀላል ነው። ፒንግ (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው ትእዛዝ) እየሮጠ ሳለ አንድ ትልቅ ፋይል አፕሎድ አድርጉ። ከ15 ሚሊሰከንድ ተነስቶ ብዙ መቶ ውስጥ ከገባ በሽታው ይኸው ነው። ኤስኪውኤም የሚባል የሰልፍ ማስተናገጃ ያለው ራውተር ይፈውሰዋል። ጠንካራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ፓኬጅ ማሳደግ ግን አፕሎዱን ካልጨመረ አይፈውሰውም።

ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ

ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ሩቅ ሆኖ በፓወርላይን የተገናኙ አሉ። በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዳታ የሚያሳልፉ ጥንድ አዳፕተሮች ማለት ነው። ገመድ ስለተሰካ «በገመድ ነኝ» ይላሉ። ሳጥኑ 1000 ቢልም በተግባር የሚገኘው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። የኤሌክትሪኩ መስመር፣ የማቀዝቀዣው ሞተር፣ የቻርጀሩ ረብሻ ሁሉ ይነካዋል። አንዳንዱ ፖርቱ ራሱ 100 ነው። ካላችሁ ቢያንስ ከማከፋፈያ አውጡትና ግድግዳው ላይ በቀጥታ ስኩት፤ ረብሻ ማጣሪያ ያለው ማከፋፈያ ዳታውንም ያጣራዋል። ቤቱ ውስጥ የተዘረጋ የቴሌቪዥን ኮአክሲያል ገመድ ካለ ሞካ የሚባለው አዳፕተር ከፓወርላይን በእጅጉ ይሻላል። ረጅም ኬብል ግን ከሁለቱም ይበልጣል። 30 ሜትር ብላችሁ አትፍሩ፤ መቶ ሜትር ድረስ ፍጥነቱ አይቀንስም። ጥሩ ዋይፋይ ከመጥፎ ፓወርላይን እንደሚሻልም አይቻለሁ፤ ይህን የምናገረው ገመድ አፍቃሪ ሆኜ ነው።

ፓኬጅ ማሳደግ ወይስ ማመልከት?

ፓኬጅ የሚያድገው ያላችሁን ሙሉውን እያገኛችሁ ካልበቃችሁ ብቻ ነው። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚመክረው 15 ሜጋቢት ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ 4ኬ ቢያይ 60 ነው። 100 ሜጋቢት ያለው ቤት ቪዲዮ እየቆመበት ከሆነ የጎደለው ፓኬጅ አይደለም። ትልልቅ ጌም በየሳምንቱ የሚያወርድ፣ ወይም ቪዲዮ አቀናብሮ የሚጭን ሰው ካለ ግን ማሳደጉ ያዋጣል። ለሚጭነው ሰው አፕሎዱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ማውረጃው ነው።

ለማመልከት ከወሰናችሁ ባዶ እጃችሁን አትደውሉ። ከሞደሙ በቀጥታ በገመድ የተለካ ውጤት ያዙ፤ የሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ከነሰዓቱ። ወደ ራውተራችሁ 100 ጊዜ ፒንግ አድርጉ። በገመድ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ አንድም ሳይጠፋ መመለስ አለበት። ከጠፋ ስልኩን ዝጉና ወደ ኬብሉ ተመለሱ። ካልጠፋ ደግሞ ወደ 8.8.8.8 ድገሙት። እዚያ የሚጠፋ ካለ፣ በተለይ ምሽት ላይ፣ ያንን ቁጥር ጻፉት። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ሲሏችሁ «ራውተር የለበትም፤ ከሞደሙ በቀጥታ ነው የለካሁት» በሉ። ቴክኒሻን ከመጣም በራሱ ላፕቶፕ፣ በራሱ ኬብል፣ ከሞደሙ ላይ እንዲለካ ጠይቁት። እሱ ሲለካ ሙሉውን ካገኘ አትከራከሩ፤ ኬብሉን ለአምስት ደቂቃ ተዋሱትና እናንተም ለኩበት።